ያልተሞላ ቢትና የተቆለፈ ቁም ሣጥን

(ከአንድ የ5ኛ ዓመት የኢንጂኔሪንግ ተማሪ)

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» ይባላል። እኔ በምማርበት የትምህርት ክፍል ቤተ ሙከራ ውስጥ፥ ከመስኮቱ ሥር፥ አንድ የብረት ቁም ሣጥን አለ። በውስጡ ሦስት ፕሮግራመሮች ተቀምጠዋል። ፕሮግራመር ስል ሰውን ማለቴ አይደለም፤ በኮምፒዩተር ላይ የጻፍነውን ፕሮግራም ወደ ማይክሮኮንትሮለር ቺፕ የሚያስገባውን፥ ከመዳፍ የማይበልጠውን መሣሪያ ማለቴ ነው። ሦስቱም ጤነኞች ናቸው፤ ሁለቱ እንዲያውም ከካርቶናቸው አልወጡም። እኔና ጓደኞቼ በዚህ ቤት አምስተኛ ዓመታችንን ይዘናል፤ ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱን እንኳ በእጃችን ነክተን አናውቅም። ቁም ሣጥኑ ተቆልፏልና።

ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት መምህራኖቻችንን ለመውቀስ ወይም የቤተ ሙከራውን ኃላፊ ለማሳጣት አይደለም። ከወቀሳው ትልቁ ድርሻ የእኛ የተማሪዎቹ መሆኑን ወደ ታች እናገራለሁ። ነገር ግን የአንድ ቁም ሣጥን ቁልፍ የብዙ ወጣቶችን እጅ ሊያስር እንደሚችል በገዛ ራሴ ስላየሁ፥ ዝም ማለት አልቻልሁም።

በሕግ፥ በሥነ ጽሑፍ ወይም በምጣኔ ሀብት ክፍል ላላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ማይክሮኮንትሮለር በአንድ ቺፕ ውስጥ የተጠቃለለ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። የሚያሰላበት ክፍል፥ የሚያስታውስበት ክፍል፥ ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኝባቸውም እግሮች አሉት። በቴሌቪዥኑ ሪሞት፥ በልብስ ማጠቢያው፥ በመኪናው ሞተር ውስጥ ተደብቆ የሚሠራው እርሱ ነው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1974 ቲ.ኤም.ኤስ. 1000 የተባለውን ለገበያ ሲያቀርብ፥ ፕሮግራሙ በፋብሪካ ውስጥ ከቺፑ ጋር አብሮ ይቀረጽ ስለ ነበር አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ አይለወጥም ነበር። ኢንቴል በ1976 ያወጣው 8748 ደግሞ በጀርባው ላይ ትንሽ የመስተዋት መስኮት ነበረው፤ የተጻፈበትን ለመደምሰስ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሥር ለብዙ ደቂቃ ማስቀመጥ ያስፈልግ ነበር። በ1993 ማይክሮቺፕ የተባለው ኩባንያ ፒክ 16ሲ84ን ባወጣ ጊዜ ግን መደምሰሱም መጻፉም በኤሌክትሪክ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካም መስኮትም ሳያስፈልግ፥ አንድ ተማሪ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፥ በአንድ ትንሽ ፕሮግራመር፥ ይጽፋል፤ ያጠፋል፤ እንደገና ይጽፋል። ዓለም ይህን መሣሪያ ከፋብሪካ አውጥቶ በተማሪ እጅ ለማኖር ሃያ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። እኛ ደግሞ መልሰን ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በቺፕ ላይ የሚጻፈው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፕሮግራሙ ነው፤ ይኸውም ቺፑ ምን እንደሚሠራ የሚነግረው ነው። ሁለተኛው ኮንፊግሬሽን ይባላል፤ ይህ ደግሞ ቺፑ በምን ሁኔታ ውስጥ ሆኖ እንደሚሠራ የሚወስን ነው። አንድ ተማሪ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት የምዝገባ ቅጽ እንደሚሞላ ሁሉ፥ ቺፑም ከመሥራቱ በፊት የሚሞላ ቅጽ አለው። በክፍላችን ብዙ የሚነገርለትን ፒክ 16ኤፍ877ኤን ብንወስድ፥ ለፕሮግራም 8192 ቃላት የሚይዝ ቦታ አለው። ከዚህ ውጭ ለብቻዋ የተቀመጠች አንዲት ባለ 14 ቢት ቃል አለች። ቺፑ ሰዓቱን ከየት እንደሚያገኝ፥ ፕሮግራሙ ቢደነዝዝ ራሱን የሚቀሰቅስ ዘበኛ ይኑረው ወይስ አይኑረው፥ ቮልቴጁ ሲወርድ ምን እንደሚያደርግ፥ በውስጡ ያለውን ሌላ ሰው እንዳያነበው ይቆለፍ ወይስ አይቆለፍ፥ ይህ ሁሉ የሚወሰነው በዚያች በአንዲት ቃል ነው። በክፍል ውስጥ ስለ 8192ቱ አንድ ሴሚስተር ሙሉ እንማራለን። ስለ አንዲቱ ግን «ይህን መስመር ከመጽሐፉ ገልብጡ» ተብሎ ይታለፋል።

የዚህን ዋጋ የከፈልነው ባለፈው ሴሚስተር ነው። አራት ሆነን የውኃ ታንክ መቈጣጠሪያ ሠራን። ታንኩ ሲጎድል ፓምፑን የሚያስነሣ፥ ሲሞላ የሚያቆም ነበር። በኮምፒዩተር ሲሙሌሽን ላይ ያለ አንዳች እንከን ሠራ። ፕሮግራመር ለማግኘት ብንጠይቅ ኃላፊው አልነበሩም፤ ሌላ ቀን ብንጠይቅ ደብዳቤ አምጡ ተባልን፤ ደብዳቤው ተጽፎ እስኪፈረም ጊዜው ስለ ደረሰብን፥ ፋይሉን በፍላሽ ይዘን ወደ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ ሄደን ከፍለን አስጫንነው።

ቺፑን በብሬድቦርዱ ላይ ሰክተን መብራት ስንሰጠው ሠራ። ደስታችን ግን ብዙ አልቈየም። ከእኛ አንዱ እጁን ወደ ሰሌዳው ባስጠጋ ቍጥር ሥራውን ያቆማል። እጅ ሲርቅለት አንዳንድ ጊዜ ራሱ ይነሣል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ኤሌክትሪኩን አጥፍተን ካላበራነው አይነሣም። ሪሌውን ለወጥን። የኃይል ምንጩን ለወጥን። ሽቦዎቹን ነቅለን እንደገና ሰካን። ሦስት ቀንና ሁለት ሌሊት በዚህ አለፈ። በመጨረሻ አንዱ ጓደኛችን «ይህን ቺፕ ቡዳ በልቶታል፤ ሰው ሲያየው የሚሞተው ለዚህ ነው» ብሎ አሳቀን።

መፍትሔ ስናጣ ሰሌዳውን ተሸክመን ወደዚያው ሱቅ ተመለስን። ባለሙያው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ የዩኒቨርስቲ በር ረግጠው እንደማያውቁ ራሳቸው ነግረውናል። ሰሌዳውን ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱና፦

«ልጆች፥ ሠላሳ ስድስተኛዋ እግር የት ነው የታሰረችው?» አሉን።

«የትም አልታሰረችም፥ ጋሼ። አላስፈለገችንም።»

«ኤል.ቪ.ፒ.ስ? ቢቱን ማን ሞላው?»

አራታችን እርስ በርሳችን ተያየን። ማንም አልሞላውም ነበር። ከመጽሐፉ የገለበጥናት መስመር ስለ ክሪስታሉና ስለ ዘበኛው ብቻ የምትናገር ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒክ 16ኤፍ877ኤ በሁለት መንገድ ፕሮግራም ሊጫንበት ይችላል። አንደኛው መንገድ ፕሮግራመሩ በአንደኛዋ እግር ላይ 13 ቮልት ያህል ሲሰጠው ነው። ሁለተኛው ከፍተኛ ቮልቴጅ ሳያስፈልግ በሠላሳ ስድስተኛዋ እግር በኩል ነው፤ ኤል.ቪ.ፒ. የተባለው ቢት 1 ከሆነ፥ ያቺ እግር ከፍ ባለች ጊዜ ቺፑ «ፕሮግራም ሊጫንብኝ ነው» ብሎ ሥራውን ያቆማል። በተደመሰሰ ቺፕ ላይ ደግሞ ሁሉም ቢቶች 1 ናቸው። እንግዲህ እኛ ስለዚያ ቢት ምንም ስላልተናገርን፥ ቺፑ ዝምታችንን «አዎን» ብሎ ተረጐመው። የትም ያልታሰረችው እግር በአየር ላይ ተንጠልጥላ ስለ ነበር፥ የሰው እጅ በቀረባት ጊዜ ከእጁ በሚመጣው ጥቂት ኤሌክትሪክ ከፍ ትላለች፤ ፓምፑም ይቆማል። ቡዳው ይህ ነበር።

ጋሼ ቺፑን ነቅለው በፕሮግራመራቸው ላይ አስቀመጡ፤ ያን ቢት 0 አደረጉና ጻፉ፤ መልሰው አንብበው አረጋገጡ። ከዚያም «ያለ ፕሮግራመር ብትሆኑ ኖሮ እግሯን በአሥር ኪሎ ኦም ወደ መሬት ማሰር ይበቃችሁ ነበር» አሉን። አሥር ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ስንት እንክፈል ብንላቸው «ለዚህ ደግሞ ምን ይከፈላል?» ብለው ሳቁ። እውነቱን ልናገርና፥ ከሦስቱ ቀን ድካም ይልቅ ያ ሳቅ አቈሰለኝ። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩ፥ ሸክላ ሠሪዋ፥ «ቡዳ» እየተባሉ ሲናቁ እንደ ኖሩ፥ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ እንደ ከለከሉ በታሪክ ተምረናል። እኛ የዛሬዎቹ ተማሪዎች በአፋችን ማንንም አንሳደብም። ነገር ግን የእጅ ሥራን ለሱቅ ሰው ትተን እኛ በወረቀትና በሲሙሌሽን ብቻ መቅረታችን፥ ያንኑ ንቀት በጨዋ ቋንቋ መቀጠል አይደለምን?

«ሲሙሌሽኑ ምን ጐደለው?» የሚል ይኖራል። ሲሙሌሽን ጥሩ መምህር ነው፤ ግን ይቅር ባይነቱ ከልክ ያለፈ ነው። ክሪስታል ሳትስልለት እንኳ፥ በሣጥኑ ውስጥ የሰዓቱን ፍጥነት በቍጥር ከሞላህለት ይሠራል። የሰው እጅ አይቀርበውም። በአየር ላይ የተንጠለጠለ እግር አያስደነግጠውም። ዝግጁ ሰሌዳዎችም፥ እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያን አገር ኢቭሬያ ከተማ የተጀመረውን አርዱዊኖን የመሳሰሉት፥ ጀማሪን ያበረታታሉ፤ እኔም በእርሱ ነው የጀመርሁት። ነገር ግን በአርዱዊኖ ሰሌዳ ላይ ያለው ቺፕ በኬብል የሚሰማን፥ ሌላ ሰው አስቀድሞ በፕሮግራመር ቡትሎደር የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ስለ ጻፈበትና ፊውዝ የሚባሉትን የኮንፊግሬሽን ቢቶች ስለ ሞላልን ነው። በኬብሉ በኩል ፊውዞቹን መንካት አንችልም። ሌላው ሰው የወሰነልንን ውሳኔ እየኖርን እኛ የወሰንን ይመስለናል። በሰሌዳው ላይ የለመድነውን አትሜጋ 328ፒ ባዶውን ከፋብሪካ እንደ መጣ ብንገዛው፥ በውስጡ ያለው የ8 ሜጋኸርትዝ ሰዓት ለ8 ተካፍሎ በ1 ሜጋኸርትዝ ይሠራል። ለ16 ሜጋኸርትዝ የጻፍነው የአንድ ሴኮንድ ቈይታ በእርሱ ላይ 16 ሴኮንድ ይሆናል። ይህን የማያውቅ ተማሪ ቺፑ የተበላሸ ይመስለዋል።

አሁን በተቃራኒው ወገን ያለውን ክርክር በቅንነት ልመልከት። መጀመሪያ የሚነሣው «ተማሪዎች ቺፑን ያበላሹታል» የሚለው ነው። የአትሜጋ 328ፒ ዳታሺት እንደሚለው የፕሮግራም ማኅደሩ 10,000 ጊዜ ሊደመሰስና ሊጻፍ ይችላል። አርባ ተማሪዎች እያንዳንዳቸው በሳምንት አምስት ጊዜ ቢጽፉበት በሳምንት 200 ጊዜ ነው፤ 10,000 ለመድረስ 50 ሳምንት ይፈጅባቸዋል። እንግዲህ አንድ ቺፕ አንድን ክፍል ዓመት ሙሉ ያስተምራል ማለት ነው። በዚያ መሥሪያ ጠረጴዛ ላይ ከቺፑ ይልቅ ወንበሩ ቀድሞ ያረጃል።

ፊውዝን በስሕተት መሙላትም ቢሆን ሞት አይደለም። አንድ ተማሪ በአትሜጋው ላይ «ሰዓትህን ከውጭ ታገኛለህ» ብሎ ሞልቶ ሰዓቱን ከውጭ ካልሰጠው፥ ፕሮግራመሩ ቺፑን ሊያናግረው አይችልም። ብዙዎች በዚህ ጊዜ «ሞተ» ብለው ይጥሉታል። የተፈለገውን ሰዓት ከውጭ ቢሰጡት ግን ይነሣል። የሪሴት እግሩን የሚዘጋውን ፊውዝ የሞላ ሰው እንኳ በ12 ቮልት በሚሠራ ፕሮግራመር ሊመልሰው ይችላል። ሌላው ተማሪን የሚያሰናክለው ነገር በእነዚህ ፊውዞች ላይ 0 ማለት «ተሞልቷል»፥ 1 ማለት «አልተሞላም» መሆኑ ነው፤ ከለመድነው አስተሳሰብ የተገለበጠ ነው። ይህን አንድ ጊዜ በእጁ የተሳሳተ ተማሪ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። በፈተና ወረቀት ላይ የተማረው ግን ከፈተናው አዳራሽ ሲወጣ ይረሳዋል።

ሁለተኛው ክርክር ከመጀመሪያው ይከብዳል። የቤተ ሙከራው ኃላፊ መሣሪያዎቹን በሞዴል 22 ፈርመው ነው የተረከቡት። አንዱ ቢጠፋ ተጠያቂው እርሳቸው ናቸው፤ ከደመወዛቸውም ሊቈረጥ ይችላል። እኛ በነፃነት እንማር ስንል እርሳቸው ዕዳ ይሸከሙ ማለታችን ከሆነ፥ ጥያቄያችን ፍትሕ የጐደለው ነው። ስለዚህ «ቁልፉ ይሰበር» አልልም። ኃላፊነቱ ይከፈል እላለሁ።

ሦስተኛው ወቀሳ ወደ እኛው ይመለሳል። አንዳንድ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን በገንዘብ እንደሚያሠሩ በየዶርሙ የሚታወቅ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ተማሪ የሚረከበው ቺፕ የንባብ መከላከያ ቢቱ ተሞልቶበት ከሆነ፥ በፒኩ ላይ ያለውን መልሶ ሊያነብ ቢሞክር ዜሮ ብቻ ነው የሚያየው። ስሙን የጻፈበትን ሥራ እርሱ ራሱ ሊያነበው አይችልም፤ ፈታኙም እንዲሁ። በዚያ ቺፕ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው የሸጠለት ሰው ብቻ ነው። ወንድሜ ሆይ፥ ይህን ይዘህ ነገ በአንድ ሆስፒታል ወይም በአንድ ፋብሪካ «ኢንጂነር ነኝ» ስትል፥ የሚታመንህ ሰው ሕይወቱን በአንተ እጅ ላይ እንደሚጥል አስበሃልን? ዳታሺቱ ከ200 ገጽ በላይ ነው፤ አውቃለሁ፤ ያስፈራል። እኛን ሦስት ቀን ያንከራተተን ማስጠንቀቂያ ግን በዚያው ውስጥ በጥቂት መስመሮች ተጽፎ ነበር። ያላነበብነው እኛ ነን፤ ቁም ሣጥኑ አልከለከለንም።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍሎችና ለማኅበራችን አራት ነገሮች አሳስባለሁ።

1ኛ. ከተቀመጡት ፕሮግራመሮች ቢያንስ ሁለቱ ከቁም ሣጥኑ ወጥተው በቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ ይዋሉ። የተማሪዎች ማኅበር ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ተወካዮች መርጦ በመዝገብ ይረከብ፤ ቢጠፋ ዋጋውን የተገለገሉበት ተማሪዎች በጋራ ይክፈሉ። የኃላፊው ፊርማ ብቻውን አይቁም።

2ኛ. የማይክሮኮንትሮለር ትምህርት የሚወስድ ማንኛውም ተማሪ፥ ትምህርቱን ከመጨረሱ በፊት፥ በገዛ እጁ አንድ ባዶ ቺፕ ይደምስስ፤ ባዶ መሆኑን ይመርምር፤ ይጻፍ፤ መልሶ አንብቦ ያረጋግጥ። ይህም ነጥብ ይኑረው።

3ኛ. በእያንዳንዱ የፕሮጀክት ጽሑፍ ውስጥ አንድ ገጽ ለኮንፊግሬሽኑ ይሰጥ። እያንዳንዱ ቢት ለምን 0 ወይም 1 እንደሆነ ተማሪው በራሱ ቃል ያስረዳ። በፈተናው ቀንም የንባብ መከላከያው ክፍት ይሁን፤ መምህሩ ቺፑን በፕሮግራመር አንብበው ከቀረበው ሥራ ጋር ያስተያዩ። ሥራውን የገዛ ተማሪ በዚያ ገጽ ላይ ይታወቃል።

4ኛ. በቤተ ሙከራው ውስጥ የስሕተት መዝገብ ይቀመጥ። ማን ተሳሳተ ሳይሆን ምን ተሳሳተ የሚለው፥ እንዴት እንደ ዳነም ጭምር፥ ይጻፍበት። የእኛን ሠላሳ ስድስተኛ እግር በመጀመሪያው ገጽ ላይ ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ።

ከእነዚህ አራቱ አንዱም አዲስ በጀት አይጠይቅም። ዕቃው አለ፤ ኮምፒዩተሩ አለ፤ መምህራኑ አሉ፤ እኛም አለን። የጐደለው ፈቃድና ጥያቄ ብቻ ነው። ፈቃዱ ከበላዮቻችን ይጠበቃል። ጥያቄው ግን ከእኛ ነው የሚጠበቀው፤ እስከ ዛሬም አላቀረብነውም። እኔ ራሴ በአምስት ዓመት ውስጥ በዚያ ቁም ሣጥን አጠገብ ስንት መቶ ጊዜ እንዳለፍሁ አላውቅም፤ ፕሮግራመር የጠየቅሁት ግን ሥራው ሲጨንቀኝ ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ደብዳቤ ሲሉኝም ተውሁት።

ቺፑ ያስተማረኝ ነገር ይህ ነው፦ ያልሞላኸውን ቢት ሌላ ይሞላልሃል፤ ዝም ባልህበትም ቦታ «አዎን» እንዳልህ ይቈጠራል። ቁም ሣጥኑ ተቆልፎ የኖረው እኛ ዝም ስላልን ነው፤ የእኛ ዝምታም እስከ ዛሬ እንደ መስማማት ተቈጥሯል። የሚመጣው ሴሚስተር ሲጀመር፥ የአራተኛ ዓመት ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ደብዳቤውን ቀድማችሁ ጻፉ፤ ተፈርሞ እስኪመጣ ድረስም አትተዉት።